ማህተምና ነጭ አፈር፦ ቤተሰብ በጋራ የሚሠራው የእጅ ጥበብ

ማህተም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛና «ማህተም አላረፈበትም» ተብሎ የሚመለስ ደብዳቤ ነው። ማህተም ግን ከቢሮ ውጭም ሥራ አለው። በዚህ ጽሑፋችን በሸክላ አፈር በተቀባ ሰሌዳ ላይ ማህተም እየመቱ፣ ቀለም እየቀቡና እየፋቁ የሚሠራውን ጥበብ ለወላጆችና ለወጣቶች እናስተዋውቃለን።

የማህተም ታሪክ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሮም ሊጽፉ ባሰቡ ጊዜ፣ ሮማውያን ማህተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። ስለዚህም «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚል የተቀረጸበት የብር ቀለበት ማሠራታቸው፣ ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳይቀርጽም መከልከላቸው በሐዲስ ተዘግቧል።

የጎማ ማህተም የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጥሬ ጎማ ሲሞቅ ይልማል፣ ሲበርድ ይደርቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ይህን ጠባይ እንደሚለውጥ በ1839 እ.ኤ.አ. ደረሰበት። የጎማ ማህተም በአሜሪካ የተስፋፋው ከ1860ዎቹ ወዲህ ነው።

ሰሌዳው

ሰሌዳው ካኦሊን በሚባል ነጭና ደቃቅ የሸክላ አፈር የተቀባ ጣውላ ነው። አፈሩ ቀለምን ስለሚመጥ የማህተሙ ቅርጽ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በመርፌ ሲፋቅ ደግሞ ከሥሩ ነጩ ይታያል። ልጅ የተሳሳተውን መስመር ፍቆ ማረም ስለሚችል ሳይፈራ ይሠራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሞሮኮ የቁርኣን ተማሪዎች የእንጨት ለውሃቸውን አጥበው በአፈር ይቀባሉ፤ ሲደርቅ በሸምበቆ ብዕር ይጽፉበታል። ትምህርቱን በቃላቸው ሲይዙ አጥበው እንደገና ይቀቡታል።

አሠራሩ

ሰሌዳው በገበያ ከታጣ፣ የጠመኔ ዱቄትን ከኮላና ከጥቂት ውሃ ጋር ለውሶ ለስላሳ ጣውላ ላይ ደጋግሞ መቀባት ይቻላል። እያንዳንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ለማህተሙ አንድ ላጲስ ይበቃል። ኮከብ፣ ቅጠል ወይም የመስጊድ መስኮት ላይ የምናየውን ዓይነት ሐረግ በእርሳስ ስሎ ዙሪያውን መቅረጽ ነው። ፊደል ከሆነ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ሲመታ ይቃናል። አንዱን ቅርጽ ጎን ለጎን ደጋግሞ በመምታት ሰሌዳውን የሚሞላ ጌጥ ይወጣል። ቀለሙ ሲደርቅ በመካከሉ የውሃ ቀለም መቀባት፣ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት በኮላ መለጠፍ፣ በመጨረሻም ቀጫጭን መስመሮችን በመርፌ መፋቅ ይቻላል። የውሃ ቀለም በእርጥበት ስለሚለቅ ያለቀውን ሥራ በስሱ ቫርኒሽ መሸፈን ይጠቅማል።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ምላጩን የሚይዘው አዋቂ ይሁን፤ ትንንሾቹ ማህተሙን ይምቱ። ሁለተኛ፣ የአፈሩ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ማለስለሱ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ይሁን። ብናኙም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ እፍ አይባል። ሦስተኛ፣ የአላህን ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ለመለማመጃ አንቅረጽ። በሙከራ ጊዜ የሚበላሸው ወረቀት ብዙ ነው፤ መጨረሻውም ቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

አራተኛውን ለወጣቶች አጥብቀን እንናገራለን። ላጲስ ቀርጾ ማህተም ማውጣት የለመደ እጅ የትምህርት ቤትን ወይም የቀበሌን ማህተም ለማስመሰል ሊፈተን ይችላል። «ለጓደኛዬ አንድ ወረቀት ብቻ» ተብሎ የሚጀመረው ነገር በሕግ ወንጀል፣ በዲናችንም ማታለል ነው። ማህተም የባለቤቱ ቃል ነው፤ የሌላውን ቃል ያለ ፈቃዱ መናገር አይገባም።

ከዚህ ውጭ መስኩ ሰፊ ነው። ዒድ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢሠራ፣ ለአያትና ለጎረቤት የሚሰጥ ስጦታ ይወጣዋል። እናቶችና አባቶችም ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ፤ ቢያንስ አንዱን ቅርጽ እናንተ ምቱ።