ከማጂ በታች ያለው አሸዋ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማጂ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በአኮቦ አድርጎ ፒቦርንና ሶባትን ይቀላቀልና ነጭ ዓባይ ይገባል፤ መንገዱ ከቀናው ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ደግሞ ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ሁለቱን ውሃዎች ዛሬ የሚያገናኛቸው ወንዝ የለም። ያም ሆኖ ዓሦቻቸውና አዞዎቻቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት፣ ዝናብ በጠገበው ዘመን፣ ቱርካና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወደ ዓባይ ይፈስ ነበርና። ከዚያ ዘመን ዝምድና የተረፈች አንዲት ኤሊም አለች፤ በአራዊት ዝርዝራችን ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሳም።

አብዛኛው ሰው ኤሊ ሲባል የሚታየው ጎባጣ ቅርፊት ተሸክማ ደረቅ መሬት ላይ የምትጎተተዋ ናት። ይህች የዓባይ ለስላሳ ኤሊ ግን እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ናት። ጀርባዋ በጠንካራ ቅርፊት ፈንታ ቆዳ የለበሰ ነው፤ አፍንጫዋ ሾል ብሎ እንደ ቱቦ ይወጣል። የወንዝ ወለል ላይ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ አፍንጫዋን ብቻ ብቅ ታደርጋለች፤ በቆዳዋና በጉሮሮዋ በኩል ከውሃው ኦክስጅን ስለምትወስድ ለመውጣት አትቸኩልም። ስታድግ ርዝመቷ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ንክሻዋ ቀላል አይደለም።

የዚህ አገር ኤሊዎች ጉዳይ ለሩቅ ሰዎችም እንግዳ አልነበረም። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት አጥኚ በ1900 እና በ1901 በከፋና በጊሚራ አቋርጦ እስከ አኮቦ ወርዷል (እዚህ ያሉት ዘመኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2014 ተመራማሪዎች በኩሬና በጅረት ዳር የምትኖረውን ትንሿን የአፍሪካ ኤሊ መርምረው እስከዚያ አንድ ትባል የነበረችውን ዝርያ አሥር አድርገው ሲከፍሏት፣ ከአሥሩ አንዷ በእሱ ስም ተጠራች።

አሁን ወደ እስያ እንሻገር፤ የእኛን ኤሊ ነገር የሚያስረዳው የእነሱ ታሪክ ነውና።

በ1990ዎቹ የቻይና ገበያ ሲከፈትና የሰዉ ኪስ ሲደልብ፣ የኤሊ ሥጋና ከቅርፊቷ የሚቀመመው መድኃኒት ፈላጊው በዛ። ከቬትናም፣ ከላኦስ፣ ከካምቦዲያ፣ ከምያንማርና ከባንግላዴሽ ኤሊ በቶን እየተጫነ ወደ ሰሜን ጎረፈ። በታኅሣሥ 1999 ባለሙያዎች ፕኖም ፔን ላይ ተሰብስበው ነገሩን መዝነው ደነገጡ። ከወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 2000፣ በጎረቤታችን በኬንያ፣ ናይሮቢ ጊጊሪ ላይ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት (ሳይተስ) ባደረገው ጉባኤ፣ ቅርፊታቸውን እንደ ሳጥን መዝጋት የሚችሉት የእስያ ኤሊዎች በሙሉ ንግዳቸው ቁጥጥር እንዲደረግበት ተወሰነ። ውሳኔው ንግዱን ወዲያው አላቆመውም። በታኅሣሥ 2001 ሆንግ ኮንግ ላይ አንድ ጭነት ሲያዝ ውስጡ 10 ሺህ ገደማ ሕይወት ያላቸው ኤሊዎች ተገኙ።

አሥር ሺህ የታመመ ኤሊ ምን ይደረጋል? በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኤሊ ጠባቂዎች ጥምረት ብዙዎቹን ወደ ፍሎሪዳ አስጫነ፤ የእንስሳት ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ውሃ የጠማቸው፣ መንጠቆ የዋጡ፣ ቅርፊታቸው የተሰነጠቀ ነበሩ። ጥቂት የማይባሉት ሞቱ። ኤሊ በቀላሉ የማትሞት ፍጥረት ተደርጋ ስለምትታይ ሕመሟ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይኗን አሳብጦ ይዘጋዋል። የፀሐይ ብርሃን ወይም እሱን የሚተካ መብራት ካላገኘች ካልሲየም ከአጥንቷ ጋር አይዋሐድም፤ ጠንካራው ቅርፊት ይላላል። የራሷ እዳሪ ውሃውን በአሞኒያ ስለሚመርዘው ማጣሪያ የሌለው ገንዳ መርዝ የተሞላ ማሰሮ ይሆናል። ለስላሳዋ ኤሊ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የምትቀበርበት ደቃቅ አሸዋ ትፈልጋለች፤ ሲሚንቶ ላይ ከዋለች ቆዳዋ ተልጦ ይመረቅዛል። ለልጆች መጫወቻ ኤሊ መግዛት የሚያምረው ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ አሜሪካ በ1975 ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናትን ሳልሞኔላ እያስያዙ ስላስቸገሩ ነው።

እርባታስ? ቻይና ውስጥ ኤሊ የሚያረቡ ጣቢያዎች በዓመት ከ300 ሚሊዮን በላይ ኤሊ እንደሚሸጡ በ2000ዎቹ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህ የዱሩን ያሳርፈዋል የሚል ተስፋ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በላተኛው የዱሩ ይበልጣል ብሎ ስለሚያምን የዱሯ ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ አርቢዎቹም ራሳቸው አዲስ ደም ለማግኘት ከአዳኝ ይገዙ ነበር። ማጂ ይህን ዓይነት ንግድ ታውቀዋለች። በ1920ዎቹ እንግሊዞች አርኖልድ ሆድሰንን ቆንስል አድርገው እዚያ ተራራ ላይ ያስቀመጡት ከዝሆን ጥርስና ከባሪያ ንግድ የተነሳ ድንበሩ ስላስጨነቃቸው ነበር። የራቀ አገር ሰው አንድን እንስሳ በወደደው ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው የቅርቡ ዱር ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ግን የያንግትዜ ግዙፍ ለስላሳ ኤሊ ታሪክ ነው። የእኛዪቱ ዘመድ ናት። ቬትናሞች ንጉሥ ሌ ሎይ ሰይፉን ለኤሊ መለሰበት በሚሉት በሃኖይ ሐይቅ ውስጥ አንዲት ነበረች፤ በጥር 2016 ሞተች። ቻይና ውስጥ አንድ ወንድ ሱጆ ከተማ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ቻንግሻ ከተማ መካነ እንስሳት ውስጥ ነበሩ። በ2008 ሴቲቱን ወደ ሱጆ አምጥተው አጣመሯቸው። ወንዱ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል ይባል ነበር። ሴቲቱ በየዓመቱ እንቁላል ጣለች፤ አንድም አልተፈለፈለም። በኋላ ሲመረመር ለካስ ወንዱ ድሮ ከሌላ ወንድ ጋር ሲጣላ ብልቱ ተጎድቶ ኖሯል። ከ2015 ጀምሮ በሰው እጅ ማዳቀል ተሞከረ፤ በሚያዝያ 2019 በአምስተኛው ሙከራ ማግስት ሴቲቱ ሞተች። በ2020 ሃኖይ አጠገብ ዶንግ ሞ ሐይቅ ውስጥ አንዲት ሴት መኖሯ ተረጋገጠና ዓለም ተደሰተ። እሷም በሚያዝያ 2023 ሞታ ተንሳፈፈች። ሐኪምና መሣሪያ አልጎደለም፤ ገንዘብም አልጎደለም። የጎደለው ጊዜ ነበር፤ ወንዙ ውስጥ ገና መቶዎች ሳሉ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

የእስያ ወንዞች ሲራቆቱ ዓይን ወደ አፍሪካ ዞረ። በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተቀመጠው የሳይተስ ጉባኤ የአፍሪካን ለስላሳ ኤሊዎች፣ የዓባዪቱንም ጨምሮ፣ ንግዱ ቁጥጥር በሚደረግበት በሁለተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባቸው ገበያው ወደዚህ እንዳይዞር በመስጋት ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1989 ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. አለን፤ ከአዋጁ ቀጥሎ የተቋቋመ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለ። ወረቀቱ አይጎድለንም። በደጋው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኤሊ ስለማይበላ ገበያው እስካሁን እዚህ ቤት አልሠራም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ለኦሞ ኤሊ እኔ የምፈራው ነጋዴውን ሳይሆን ውሃውን ነው።

ለስላሳዋ ኤሊ የምትኖረው ውሃ ውስጥ ቢሆንም የምትወልደው አሸዋ ላይ ነው። ውሃው ሲጎድል ከወንዙ ወጥታ በወንዙ ዳርቻ ጉድጓድ ትምሳለች፤ በርካታ ክብ እንቁላሎች ጥላ ትከድናለች፤ ሁለት ወር ገደማ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ከዚያ በፊት አርጃኖና ጅብ ካላወጡት፣ ውሃም ካልደረሰበት፣ ጫጩቶቹ ወደ ወንዙ ይሮጣሉ። የኦሞ ሥርዓት ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሞልቶ ያጥለቀልቃል፣ በበጋው ወራት ሰፊ የአሸዋ ደለል ትቶ ይሸሻል። ይኸው ደለል የሙርሲ፣ የቦዲ፣ የኩዌጉና የኛንጋቶም ሕዝቦች የማሽላ እርሻም ነበር፤ ጎርፉ በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ይዘራ ነበር። ኤሊዋና አራሹ አንድ መሬት ይጋሩ ነበር ማለት ነው።

በኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2015 ሲሆን በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ፤ ከፍታው 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከእሱ በታች ኮይሻ የተባለ ሌላ ግድብ እየተሠራ ነው። መብራቱን የሚጠላ የለም፤ እኔም በእሱ ነው የምጽፈው። ግን ተርባይን የሚወደው ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ውሃ ነው፤ ክረምቱን ይቆርጥና በጋውን ይሞላል። በጋ ውሃ ከፍ ካለ አሸዋው ይጠባል፤ መብራት የሚፈለግበት ሰዓት ደርሶ ውሃው በድንገት ከተለቀቀ ደግሞ ጠባቡ አሸዋም ይታጠባል፤ የተጣለ እንቁላል ይሰምጣል። ከአስዋን ግድብ በታች ባለው የግብፅ ዓባይ ይህችው ኤሊ ጠፍታለች ማለት ይቻላል፤ የምትገኘው ከግድቡ በላይ ባለው ሐይቅ ነው። በአኮቦ በኩል ግድብ የለም፤ ግን በሱርማና በዲማ ያለው የወርቅ ቁፋሮ የወንዙን አሸዋ ራሱን ይገለብጠዋል። በጅረቶቹ ላይ ደግሞ የቡናው ጉዳይ አለ፤ ቀይ ቡና የሚያጥበው ጣቢያ ፈሳሹን ሳያጣራ ከለቀቀው፣ ወንዙ በሚቀንስበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ኦክስጅኑን በልቶ ያሽመደምደዋል። ይህ በጅማ አካባቢ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለው ቡናም በዚያው ወቅት ነው የሚለቀመው።

የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ከ1966 ጀምሮ አለ። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የጥበቃ ድርጅት በ2005 ተረክቦት በ2008 ለቆ ወጣ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የፓርኩ ወሬ ስለ ጎሽ፣ ስለ ዝሆንና ስለ ሰፊው ሜዳ ነበር። የወንዙ ዳርቻ የፓርኩ ወሰን ተደርጎ ይሣላል እንጂ የፓርኩ ሥራ ተደርጎ አልተያዘም።

ከእስያ የሰመረ አንድ ምሳሌ አለ፤ እሱም በአሸዋ ላይ የተሠራ ነው። የበርማ ጣሪያማ ኤሊ ጠፍታለች ከተባለ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተገኘች። በምያንማር ቺንድዊን ወንዝ ላይ የቀሩት አዋቂዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥራው ተራ ነው፤ የመንደር ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው በመውለጃ ወራት አሸዋውን ይጠብቃሉ፤ እንቁላሉ ሲጣል ተሰብስቦ በተከለለ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ጫጩቶቹ አድገው ይለቀቃሉ። በ2020 በሰው እጅ ያሉት ወደ 1,000 ይጠጉ ነበር። እዚያ ገንዳው የወንዙ ረዳት እንጂ ምትኩ አልነበረም። ለኦሞ ይህ ከተፈለገ ሁለት ነገር ይበቃል፤ ደለሉን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት የኩዌጉና የሙርሲ ሰዎች ጠባቂ ሆነው መቀጠራቸው፣ የግድቡ ሰዎችም በመውለጃው ሳምንታት ውሃውን በድንገት እንዳይለቁ ከፓርኩ ጋር የሚነጋገሩበት አንድ ሰነድ።

ከሁሉ በፊት ግን የት የት እንዳለች ማወቅ ይቀድማል፤ ያም የዛሬን ያህል ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ቬትናሞች በ2018 ሹዋን ካን ሐይቅ ውስጥ የያንግትዜዋ ኤሊ መኖሯን ያረጋገጡት ኤሊዋን ይዘው ሳይሆን ውሃውን ቀድተው ነው፤ እንስሳው ከቆዳውና ከእዳሪው የሚጥለው ዘረ መል ውሃ ውስጥ ይቀራልና ላቦራቶሪ ያነበዋል። ከሙይ ወንዝ መግቢያ ጀምሮ እስከ ኦሞራቴ ድልድይ ድረስ በጥርና በየካቲት ውሃ እየቀዱ የሚወርዱ ጥቂት ሰዎች፣ አንዲት ጀልባና ማጣሪያ ይበቃሉ። የአኮቦም እንዲሁ ይቀዳል፤ እዚያ ግን መንገዱ ረዥም ነው።