በዓለም ያለው ቁስ ሁሉ በስንት ተራ እንደሚመደብ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች የተጻፈ

ከባላገር የመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ራስ በኩል ወደ መርካቶ ሲገባ፥ የሕዝቡ ብዛትና የዕቃው ዓይነት ዓይኑን ያፈዘዋል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን ገበያው ሥርዓት እንዳለው ያስተውላል። ሸማ የሚሻ ወደ ሸማ ተራ፥ ቅቤ የሚሻ ወደ ቅቤ ተራ፥ በርበሬ የሚሻ ወደ በርበሬ ተራ፥ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ የሚሻም ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ይህ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረ ሲሆን፥ የተራው ስም ለሻጭም ለገዢም መንገድ መሪ ሆኖ ኖሯል።

የኬሚስትሪ ሊቃውንትም በዓለም ያለውን ነገር እንዲሁ በተራ በተራው መድበውታል። ነገር ግን ገበያው ዕቃን የሚመድበው ለምን እንደሚጠቅም አይቶ ነው፤ ኬሚስትሪ የሚመድበው ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ ነው። ልዩነቱም ትንሽ እንዳይደለ ወደ ፊት እናያለን።

አስቀድሞ ቁስ ማለት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ክብደት ያለውና ስፍራ የሚይዝ ነገር ሁሉ ቁስ ይባላል። ድንጋይ ቁስ ነው፤ ውሃም ቁስ ነው፤ አየርም ቁስ ነው። አየር ክብደት የለውም የሚል ሰው ቢኖር፥ አንዱን ኳስ ሳይነፋና አጥብቆ ከነፋው በኋላ በጥሩ ሚዛን ይመዝነው። ብርሃንና ጥላ ግን ቁስ አይደሉም። ቁስም በሦስት ሁናቴ ይገኛል፤ ይኸውም ጠጣር፥ ፈሳሽና ጋዝ ነው። በረዶና ውሃ እንፋሎትም መልካቸው ቢለያይ ያው አንድ ውሃ ናቸው። ስለዚህ ሁናቴውን በማየት ብቻ የቁሱን ዘር ማወቅ አይቻልም።

ከምን እንደ ተሠራ ሲመረመር ግን ቁስ ሁሉ በሦስት ተራ ይገባል፤ እነርሱም ንጥረ ነገር፥ ውሁድና ድብልቅ ናቸው።

የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነው። ቃሉ ነጠረ ከሚለው የመጣ ሲሆን፥ ቅቤ አንጥራ የምታውቅ እናት ሁሉ ትርጉሙን አታጣውም። ንጥረ ነገር ማለት በኬሚስትሪ ሥራ ከእርሱ ወደሚያንስ ሌላ ነገር ሊከፈል የማይችል ቁስ ነው። ወርቅ፥ ብር፥ መዳብ፥ ብረት፥ እርሳስ፥ ኦክሲጅንና ካርቦን ከዚህ ወገን ናቸው። ንጥር ቅቤ ግን ምንም እንኳ በምግብ ቤት ቋንቋ ንጥር ቢባል፥ በኬሚስትሪ ዓይን ንጥረ ነገር አይደለም፤ በውስጡ ካርቦን፥ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይገኛሉና።

በቀደመው ትምህርት መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስና እሳት አራቱ ባሕርያት ተብለው ይቈጠሩ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን ከመምህሮቻችን እግር ሥር እንዲሁ ተምረናል። የግሪክ ፈላስፎችም እንዲሁ ያስተምሩ ነበር። ይህም ዓይን የሚያየውን በመልኩ ለመመደብ የተደረገ ትልቅ ጥረት ነው። በሚዛን ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ተገኘ። ላቯዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1783 ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን አስረዳ። አየርም ከመቶው 78 እጅ ያህል ናይትሮጅን፥ 21 እጅ ያህል ኦክሲጅን፥ የቀረው ጥቂቱ ሌሎች ጋዞች ነው። መሬት የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። እሳትም ቁስ ሲቃጠል የሚታይ ሥራ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር አይደለም። ላቯዚዬ በ1789 የ33 ንጥረ ነገሮችን ስም ጻፈ፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ኋላ ተሰርዘዋል። ሜንዴሌዬቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ በ1869 በሠንጠረዥ ደረደራቸው፤ ዛሬም ቍጥራቸው 118 ደርሷል።

ሁለተኛው ውሁድ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ የሚበዙ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ ልክ ተዋሕደው ሌላ አዲስ ጠባይ ያለው ነገር ሲሆኑ ውሁድ ይባላል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ጨው ነው። ሶዲየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል የሚፈላ ብረት መሰል ነገር ነው፤ ክሎሪን በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የፈጀ መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን በየወጡ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። ንጹሕ ጨው ከአፋር አሞሌም ይምጣ ከባሕር፥ ከመቶው 39 እጅ ያህል ሶዲየም፥ 61 እጅ ያህል ክሎሪን ነው፤ ልኩ አይለወጥም።

ሦስተኛው ድብልቅ ነው። በድብልቅ ውስጥ ያሉት ነገሮች ጠባያቸውን እንደ ያዙ ይኖራሉ፤ ልካቸውም እንደ ደባላቂው ፈቃድ ነው። ሽማግሎች የሚያስታውሱት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ስሙ ብር ይሁን እንጂ፥ ከሺሁ 833 እጅ ብር ሆኖ የቀረው አብዛኛው መዳብ ነበር። ጠጅም ድብልቅ ነው። እነዚህ መልካቸው አንድ ወጥ ስለ ሆነ በዓይን አይለዩም። ጤፍና አሸዋ ሲደባለቁ ግን ዓይን ይለያቸዋል።

ድብልቅን ለመለየት የነገሮቹን የጠባይ ልዩነት መከተል ይበቃል። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ይህን ሳይጽፉት ያውቁታል፤ አልኮል በ78 ዲግሪ ሲፈላ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላልና፥ በእንፋሎቱ የሚበዛው አልኮሉ ነው። (ይህ ልክ በባሕር ጠረፍ ነው፤ በደጋ አገር ሁለቱም ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላሉ።) መምህሩም በክፍል ውስጥ አንድ እፍኝ አሸዋና አንድ እፍኝ ጨው ይደባልቅ። ውሃ ጨምሮ ያማስል፤ በንጹሕ ጨርቅም ያጥልል። አሸዋው በጨርቁ ይቀራል፤ የጠለለው ውሃ በሳሕን ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ጨው ይገኛል። ጨውን ራሱን ወደ ሶዲየምና ክሎሪን ለመለየት ግን ጨርቅና ፀሐይ አይበቁም፤ በብርቱ እሳት አቅልጦ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በድብልቅና በውሁድ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይታወቃል።

ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። እኔ ጸሐፊው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓል በርበሬ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ቀለሙ እጅግ ያማረ ነበር፤ ወጡ ግን በጥርስ መካከል ይንኰሻኰሽ ጀመር። ጥቂቱን በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ባቆየው፥ ከሥሩ ቀይ አሸዋ መሰለ፤ በጣቴ ባሸው የጡብ ዱቄት ሆኖ አገኘሁት። ለልጆቼ ያበላሁት ይህን ነበር። ገበያው በርበሬ ብሎ በስም መድቦታል፤ ብርጭቆው ግን ድብልቅ መሆኑን መሰከረ። ይህ ፈተና ማጭበርበርን ሁሉ አይገልጥም፤ በውሃ የሚሟሟ ቀለም ቢጨመር ወይም እንደ በርበሬው የቀለለ ነገር ቢገባ ዝቃጭ አይታይም። ቢሆንም ምንም ካለማወቅ ይሻላል።

መደባለቅ በራሱ ነውር አይደለም። ጠጅና ጠገራ ብር ድብልቅ ናቸው፤ ማንንም አላታለሉም። ነውሩ ድብልቁን በንጹሑ ስምና ዋጋ መሸጥ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪውን የ118ቱን ስም ከማስጠናታችሁ በፊት ከቤቱ ጨው፥ ውሃ፥ ማር፥ የመዳብ ሽቦና አመድ እንዲያመጣ አድርጉ፤ እያንዳንዱም በየትኛው ተራ እንደሚገባና ስለ ምን እንደ ሆነ ጠይቁት። እናንተም ሽማግሎች፥ ልጁ ማታ ወደ ቤት ተመልሶ ቅቤው ሲነጠር ከላይ የሰፈፈውና ከታች የዘቀጠው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቃችሁ፥ ዝም በል አትበሉት። ከጠየቃችሁ ተምሯል ማለት ነው፤ ነገም ገበያ ሲወጣ በስም ብቻ አይገዛም።