ሚኒሶታ የማን ቃል ነው? ከወንጪ እስከ ሱዋን ቋንቋዎች

ጠዋት ወንጪ አፋፍ ላይ ብትቆሙ፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና ሳይነሳ፣ ፈረስ ከሚያከራዩት ወጣቶች አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በአፋን ኦሮሞ ሲያወራ ትሰሙ ይሆናል። ከማን ጋር ነው ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ «ሚኒሶታ ካለው ወንድሜ ጋር» ቢሆን አይግረማችሁ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በአሜሪካ ብዙ ኦሮሞዎች የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸውና ስሙ በአምቦም በወሊሶም እንግዳ አይደለም። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ «ሚኒሶታ» ራሱ የማን ቃል ነው? እንግሊዝኛ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም።

ቃሉ የዳኮታ ነው። «ምኒ» ውሃ ማለት ነው። «ሶታ»ን አንዳንዱ «ጭጋግ የመሰለ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሌላው «ሰማይ የመሰለ» ይላል። በየትኛውም ቢተረጎም የጠዋቱን ወንጪ ይመስላል። ሚኒያፖሊስ ደግሞ ይኸው የዳኮታ «ውሃ» ላይ የግሪኩ «ፖሊስ»፣ ማለትም ከተማ፣ ተቀጥሎበት የተሠራ ስም ነው።

ዳኮታ የሚመደበው ሱዋን በሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ላኮታ፣ ክሮው፣ ሂዳትሳ፣ ማንዳን፣ ኦማሃ፣ ኦሴጅ፣ ሆ-ቸንክና ሌሎችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የአሜሪካን ካርታ ብትዘረጉ ሰሜን ዳኮታ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ ካንሳስ፣ አዮዋ፣ የኦማሃ ከተማ ሁሉም ከእነዚህ ሕዝቦች ስም የመጡ ናቸው። ነብራስካም «ጠፍጣፋ ውሃ» ማለት ነው፤ ወንዙን ነው። «ሱ» የሚለው ስም ግን የራሳቸው አይደለም። ጎረቤቶቻቸው ኦጂብዌዎች የሚጠሩበትን ረጅም ቃል ፈረንሳዮች ሰምተው ጫፉን ብቻ አስቀሩት። ሌላ ሰው ያወጣልህ ስም መዝገብ ላይ ሲቀር ምን እንደሚመስል እኛም አገር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታዲያ እነዚህ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸው በምን ታወቀ? ብዙ ሰው «ቃላቸው ስለሚመሳሰል» ይላል። ይህ ግማሽ መልስ ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም «ጉዲፈቻ» እንላለን፤ ነገር ግን አማርኛ ቃሉን ከአፋን ኦሮሞ ስለወሰደው እንጂ ሁለቱ የወረሱት ስለሆነ አይደለም። መመሳሰል በውሰትም በአጋጣሚም ይመጣል። የቋንቋ ሊቃውንት የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ሥርዓት ያለው ልዩነት።

«ውሃ»ን እንውሰድ። ዳኮታና ላኮታ «ምኒ»፣ ማንዳን «ሚኒ»፣ ሂዳትሳ «ሚሪ»፣ ክሮው «ቢሌ»፣ ኦማሃና ኦሴጅ «ኒ» ይላሉ። «ቢሌ» ከ«ምኒ» ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። ግን ሴት በሂዳትሳ «ሚያ» ናት፣ በክሮው ደግሞ «ቢያ»። ሂዳትሳ በ«ም» የሚጀምረውን ቃል ክሮው በ«ብ» ይጀምረዋል፤ አንድ ቃል ላይ ብቻ ሳይሆን ቃል በቃል እየተከተለ። ዳኮታና ላኮታም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ «ድ» ባለበት ሌላው «ል» ይላል። ጓደኛ በዳኮታ «ኮዳ»፣ በላኮታ «ኮላ» ነው። የሁለቱ ስም ራሱ ይህንኑ ልዩነት ይናገራል።

ይህ ዘዴ ወንጪ ላይም ይሠራል። ምላስ በአፋን ኦሮሞ «አረባ»፣ በሶማልኛ «ዐረብ» ነው (ከዓረብ አገር ጋር አይገናኝም)። ወተት በአፋን ኦሮሞ «አነን»፣ በሶማልኛ «ዓኖ»። ነጭ በአፋን ኦሮሞ «አዲ»፣ በሶማልኛ «ዐድ»። ልብ በሉ፣ በሶማልኛዎቹ ላይ «ዐ»ን የጻፍኩት ለማሳመር አይደለም። ሶማልኛ ያቺን ከጉሮሮ የምትወጣ ድምፅ እስካሁን ይዟታል፣ አፋን ኦሮሞ ጥሏታል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። «ዓይን» ብንጽፍም «አይን» ብንጽፍ አፋችን ላይ ያው ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪ ግን «ዓይኒ» ሲል ጉሮሮው ይሰማል። አማርኛም ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ብቻ አስቀርቷል። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛን ወደ አንድ የኩሽ ቤተሰብ የሚያስገባቸው እንዲህ ዓይነቱ ተደጋግሞ የሚመጣ ልዩነት ነው።

ዘዴው ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱን ልንገራችሁ። በ1870 እ.ኤ.አ. ሆራሺዮ ሄል የሚባል አጥኚ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ኢሮኳዎች ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄደ። እዚያ ኒኮንሃ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ከመቶ በላይ ነው የሚባልላቸው አዛውንት አገኘ። እኚህ ሰው ቱቴሎ ነበሩ። ወገኖቻቸው ጥንት ከቨርጂኒያ በኩል ተፈናቅለው ኢሮኳዎች ዘንድ የተጠጉ ናቸው። ሄል ቋንቋቸው የኢሮኳ ዘመድ ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው። ቁጥር ሲያስቆጥራቸው ግን ሁለትን «ኖምባ»፣ አራትን «ቶፓ» አሉት። ዳኮታ ሁለትን «ኑንፓ»፣ አራትን «ቶፓ» ይላል! የሱዋን ሕዝቦች የምዕራቡ ሜዳ ሰዎች ናቸው ተብሎ ሲታሰብ፣ እነሆ አንድ ወንድማቸው በምሥራቁ ጠረፍ በኩል ተገኘ። ኒኮንሃ በዓመቱ በ1871 አረፉ። ሄል አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ከእሳቸው አፍ የሰማውን አይሰማም ነበር።

እኛስ? ጋፋትን አስቡ። የጋፋት ሰዎች ከአባይ በስተደቡብ ይኖሩ እንደነበር የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ይጠቅሳሉ። ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ሴማዊ ነበር፤ የአማርኛና የጉራጊኛ ዘመድ። ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ጎጃም ውስጥ ብዙ ደክሞ ሲፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ስለ ጋፋት ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከእነዚያ አራት ሰዎች አፍ የተለቀመውን ነው፤ ሌላው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስጻፈው ጽሑፍ ነው። ተናጋሪዎቹ አላለቁም፤ ልጆቻቸው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሆነው አሉ። ያለቀው ቋንቋው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየቀኑ ሲምታታ ስለማየው። የቋንቋ ቤተሰብ የደም ቤተሰብ አይደለም፣ የፖለቲካ ወገንም አይደለም። በ1876 ሊትል ቢግሆርን በተባለው ጦርነት ላኮታዎች የአሜሪካን ጦር ሲያሸንፉ አብረዋቸው የተሰለፉት ቻየኖች ቋንቋቸው ከሱዋን ጋር አይዛመድም። የክሮው ሰዎች ደግሞ በቋንቋ የላኮታ ዘመድ ሆነው ለአሜሪካው ጦር መንገድ ይመሩ ነበር። በእኛም በኩል የወንጪ ኦሮሞና የጉራጌ ገበሬ ያው እንሰት ይተክላሉ፣ ያው ቆጮ ይበላሉ፤ ቋንቋቸው ግን የአንዱ ኩሽ የሌላው ሴም ነው። በሞጋሳ ኦሮሞ የሆነ ሰው ልጁ አፋን ኦሮሞ ሲናገር የቋንቋው ዘመድ ሌላ፣ የአያቱ ዘመድ ሌላ ይሆናል።

ደግሞስ «ኩሽ» እና «ሴም» ባላንጣ ስሞች ናቸው ያለው ማን ነው? ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ የመደርደሪያ ምልክቶች ናቸው። «ሴማዊ» የሚለውን ለቋንቋ ያዋለው ሽሎዘር የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1781። ከበላያቸው ደግሞ ሁለቱም አፍሮ-እስያዊ ናቸው። ሶማልኛ «መጣ» ለማለት «ይሚድ»፣ «መጣች» ለማለት «ቲሚድ»፣ «መጣን» ለማለት «ኒሚድ» ይላል። የአማርኛውን «ይመጣል፣ ትመጣለች፣ እንመጣለን» አጠገቡ አስቀምጡና «ይ»፣ «ት»፣ «ን» የት የት እንደቆሙ እዩ። ቃል በገበያ ቀን ሊዋዋሱት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ የግስ አጥንት ግን እምብዛም አይዋዋሱትም።

ወደ ሚኒሶታ እንመለስ። በ1862 በአሜሪካና በዳኮታዎች መካከል ጦርነት ተነሳ፤ በታኅሣሥ 26 እ.ኤ.አ. ማንካቶ ከተማ ላይ 38 ዳኮታዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በተከታዩ ዓመት ዳኮታዎች ከሚኒሶታ እንዲባረሩ ሕግ ወጣ። ከ1879 ወዲህ ደግሞ እንደ ካርላይል ባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የየብሔሩ ሕፃናት በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ እየተቀጡ አደጉ። ቋንቋ የሚሞተው ሽማግሌ ሲሞት ይመስለናል፤ የሚሞተው ከዚያ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ቀድሞ፣ ልጅ መልስ መስጠት ሲያቆም ነው። ማንዳን በአፍ መፍቻነት የሚያውቁት የመጨረሻው ሰው ኤድዊን ቤንሰን በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. አረፉ። ዳኮታን ከእናታቸው የተማሩ ሰዎችም በሚኒሶታ ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቋንቋውን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ገብተው የሚማሩ ወጣቶች ግን አሉ።

ሚኒያፖሊስ መሀል ሰው የሚንሸራሸርበት አንድ ሐይቅ አለ። ለረጅም ጊዜ የሚጠራው ባርነትን ሲሟገትለት በኖረው በምክትል ፕሬዚዳንት ካልሁን ስም ነበር። ስሙ ወደ ዳኮታው ሲመለስ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2020 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአዲሱ፣ ማለትም ለጥንቱ ስም ፈረደ። የዚያ የወንጪ ልጅ ወንድም እሁድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ ሐይቁን ቢዞር ታፔላው ላይ «ብዴ ማካ ስካ» የሚል ያገኛል። «ብዴ» ሐይቅ፣ «ማካ» ምድር፣ «ስካ» ነጭ፤ የነጭ ምድር ሐይቅ። ጽሑፉ በላኮታ ቢሆን ኖሮ «ብሌ» ብሎ ይጀምር ነበር።