ታም ኦሻንተር፤ በሽልማት የገነነው፥ በክርክር የቀረው የጎልፍ ውድድር

በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት፥ ከሺካጎ ከተማ አጠገብ ናይልስ በምትባል ሥፍራ፥ ታም ኦሻንተር የተባለ የጎልፍ ክበብ ነበረ። በዚሁ ክበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የባለሙያ ተጫዋቾች ውድድር፥ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሽልማቱ ብዛት አቻ ያልተገኘለት ነበር። ዳሩ ግን ይህን ያህል ከገነነ በኋላ በአንድ ጠብ ምክንያት ቀርቶ ዳግመኛ ሳይነሣ ቀረ። የታሪኩ አካሄድ ንግድና አስተዳደር ለሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ውድድሩን የመሠረቱት ሚስተር ጆርጅ ሜይ የንግድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው መጽሐፍ ቅዱስ እያዞሩ ሲሸጡ ቈይተው፥ በ1925 ዓ.ም. ለፋብሪካዎችና ለንግድ ቤቶች ሥራቸው እንዲቀላጠፍና ወጪያቸው እንዲቀነስ ምክር የሚሰጥ ድርጅት አቋቋሙ፤ በዚህም ባለጸጋ ሆኑ። የታም ኦሻንተር ክበብ በእጃቸው ከገባ በኋላ፥ ታላላቅ ተጫዋቾችን በከፍተኛ ሽልማት ቢጠሩ ሕዝብ እንደሚሰበሰብ፥ ሕዝብ ሲሰበሰብ ደግሞ የድርጅታቸው ስም በየጋዜጣው እንደሚወጣ አስተዋሉ። ሌላው ነጋዴ ለማስታወቂያ የሚያወጣውን ገንዘብ እርሳቸው ለተጫዋቾች ሽልማት አደረጉት።

ጎልፍ፥ በኢትዮጵያ በገና ሰሞን ጥንግን በዱላ እንደሚመቱት ያለ ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ትንሽ ኳስ እየመታ በአሥራ ስምንት ጉድጓዶች በየተራ ማስገባቱና፥ በጥቂት ምት የጨረሰው አሸናፊ መሆኑ ነው። ሜዳው ሰፊ በመሆኑ ተመልካች ተጫዋቹን ተከትሎ መሄድ ነበረበት። ሚስተር ሜይ ግን በጉድጓዶቹ አጠገብ ትሪቡና አሠሩ፤ የመግቢያውን ዋጋ ዝቅ አደረጉ፤ ፊቱን ሸፍኖ የሚጫወት ሰው እንኳ አምጥተው ሕዝቡን አዝናኑ። ተመልካች በሩቅ እንዲለያቸው ተጫዋቾች በጀርባቸው ቍጥር ይለጥፉ ባሉ ጊዜ ግን፥ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ክብራችን ተነካ ብለው ተከራከሩ።

ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሸናፊዎች ስሙ የገነነው ባይረን ኔልሰን ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. በተከታታይ ካሸነፋቸው አሥራ አንድ ውድድሮች አንዱ የታም ኦሻንተር ነበር። በ1946 ዓ.ም. ሚስተር ሜይ «የዓለም ሻምፒዮና» ብለው የሰየሙትን ሁለተኛ ውድድር ጨመሩ፤ የመጀመሪያውንም ሳም ስኒድ አሸንፎ 10,000 ዶላር ወሰደ።

የዚህ ውድድር ዝና እጅግ የወጣው ግን በ1953 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጨዋታው በአሜሪካ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ታየ፤ ለጎልፍ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ቻንድለር ሃርፐር ጨዋታውን ጨርሶ ድሉ የእርሱ መስሎ ሳለ፥ በሜዳው ላይ የቀረው ሉ ዎርሻም ከመቶ ያርድ በላይ ርቆ ቆሞ የመታት ኳስ ተንከባልላ በመጨረሻው ጉድጓድ ገባች። በአንድ ምት ብልጫ 25,000 ዶላር የወሰደው ዎርሻም ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኦፕን አሸናፊ የተቀበለው 5,000 ዶላር ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚስተር ሜይ የአንደኛውን ሽልማት 50,000 ዶላር አደረሱት፤ ይህንንም ቦብ ቶስኪ ወሰደው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጥ ሌላ ነገርም ነበረ። የአሜሪካ ባለሙያ የጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር ከ1934 እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ነጭ ያልሆነ ሰው አባል እንዳይሆን በደንቡ ጽፎ ይከለክል ነበር፤ ስለዚህም ለጥቁሮች አሜሪካውያን የሚከፈቱት ውድድሮች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ታም ኦሻንተር ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበር። ቴድ ሮድስን የመሰሉ ጥቁር ባለሙያዎች በዚያ ከነጮቹ ጋር ተሰልፈው ተጫወቱ፤ የቦክስ ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስም በአማተርነት ገብቶ ተወዳደረ። ሴቶችም የራሳቸው ውድድርና ሽልማት ነበራቸው።

ይህ ሁሉ የተመሠረተው ግን በአንድ ሰው ኪስና በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ዲክ ማየር የመጨረሻው ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በሚስተር ሜይና በባለሙያዎቹ ማኅበር መካከል ክርክር ተነሥቶ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙ ባለመቻላቸው፥ ባለሀብቱ ውድድሮቹን ሁሉ አቆሙ። ገንዘቡን የሚተካ ሌላ ባለጸጋ፥ ወይም ሥራውን የሚረከብ ኮሚቴ አልተገኘም። ሚስተር ሜይ በ1962 ዓ.ም. ሞቱ፤ የክበቡም መሬት በኋላ ተሽጦ አብዛኛው የኢንዱስትሪ ሠፈር ሆነ።

በዚህ ጠብ ታላላቆቹ ነጮች ተጫዋቾች ትልቅ ሽልማት አጡ፤ ነገር ግን ሌላ ብዙ ውድድር ስለ ነበራቸው ኑሮአቸው አልተናጋም። ከክርክሩ ውስጥ ቃል ያልነበራቸው ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ግን ከነበሯቸው ጥቂት በሮች አንዱ ተዘጋባቸው፤ ማኅበሩ ያን ደንብ እስኪሽረው ድረስም ገና አራት ዓመት ይቀር ነበር።

የሚስተር ሜይ አሳብ ግን ከእርሳቸው በኋላ ኖሯል። ትሪቡናውና ንግድ ቤቶች ለስማቸው ብለው የሚያወጡት ከፍ ያለ ሽልማት የጎልፍ ውድድር ሁሉ ልማድ ሆነ፤ በ1953 ዓ.ም. ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዲታይ ከፋዩ አዘጋጁ ራሳቸው ሲሆኑ፥ ዛሬ የሚከፍሉት የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ናቸው። ይህን የተከሉት ሰው ያላደረጉት አንድ ነገር፥ ሥራውን ከራሳቸው ለይተው ደንብና ጠባቂ ባለው ማኅበር እጅ ማኖር ነው። በናይልስ ከጥንቱ ሜዳ የተረፉት ዘጠኝ ጉድጓዶች የሕዝብ መጫወቻ ሆነዋል።