ሩማቶይድ አርትራይተስና የጉልበት ቅየራ፦ ተረቱና እውነታው

የጉልበት ቅየራ ነገር ሲነሣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ብረት ከሚገባብሽ ትንሽ ታገሺ» ይላል፤ ሌላው «ቀይሪውና ተገላገዪ» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር የመነጩ ናቸው። ይሁን እንጂ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ የሚያመዛዝነው ነገር ጉልበቱ በዕድሜ ካለቀ ሰው ይለያል። ጎረቤት የዳነበት መንገድ ሁሉ ለእሱ አይሠራም። ስለዚህ በየቤቱ የሚባለውን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት 1፦ «ብርድ ነው፤ ጉልበቱ ሲቀየር በሽታውም ይወጣል።»

እውነታ፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ ብርድ ያመጣው ሕመም አይደለም። ሰውነትን ከተህዋስያን ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የመገጣጠሚያዎችን የውስጥ ሽፋን ሲያጠቃ የሚከሰት በሽታ ነው። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ልም አጥንቱንና ዋናውን አጥንት ይበላል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል።

በቀዶ ጥገናው ሐኪሙ የጭንና የቅልጥም አጥንቶችን የተጎዱ ጫፎች ጠርቦ በብረት ያለብሳል፤ በመካከላቸውም ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። በዚህ የአንድ ጉልበት ጉዳት ይጠገናል። በሽታው ግን በመላ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ የእጅን፣ የእግርንና የሌላውን ጉልበት አንጓ ማጥቃቱን አይተውም። ጉልበቱ የተቀየረለት ሰውም መድኃኒቱንና ክትትሉን መቀጠል አለበት።

ተረት 2፦ «ጉልበት ካበጠና ካመመ መቀየር አለበት።»

እውነታ፦ መጀመሪያ መለየት ያለበት ሕመሙ ከአንጓው መቆጣት ነው ወይስ ከአንጓው ጉዳት የሚለው ነው። ጉልበቱ የሚያብጥና የሚሞቅ፣ ጠዋት ለረጅም ሰዓት አልፍታታ የሚል ከሆነ በሽታው በመድኃኒት አልተገታም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚቀድመው መድኃኒቱን ማስተካከል ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት በትክክል መወሰዱ ይፈተሻል። ይህ መድኃኒት ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እሱ ብቻውን ካልበቃ ሌሎች መድኃኒቶች ይጨመራሉ።

በሌላ በኩል እብጠቱ በርዶም ጉልበቱ ሲረገጥ የሚያም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ የተጣመመ ወይም አልዘረጋ ያለ ከሆነ፣ በራጅም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጠፋ፣ ያለቀውን አንጓ መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት የለም። ቅየራ በቁም ነገር የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው።

ተረት 3፦ «መራመድ እስኪያቅተኝ ድረስ ልታገሥ።»

እውነታ፦ ትዕግሥት መልካም ነው፤ ለተበላሸ አንጓ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሰው መንቀሳቀስ ሲያቆም የጭን ጡንቻ ይከሳል፣ ጉልበቱ ታጥፎ ይደርቃል፣ አጥንቱም ይሳሳል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች አጥንት ደግሞ የባሰ ይሳሳል። ከቀዶ ጥገና በፊት በጣም የደከመ እግር ከቀዶ ጥገና በኋላም ወደ ጥሩ ደረጃ ለመድረስ ይቸገራል። ራጅ ብቻውንም አይወስንም። ወሳኙ ጥያቄ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና ምርኩዝ ተሞክረውም ሕመሙ ከእንቅልፍ፣ ከሥራና ከገበያ ያስቀራል ወይ የሚለው ነው።

ተረት 4፦ «ገና ወጣት ነኝ፤ ብረቱ አሥር ዓመት አይቆይም።»

እውነታ፦ በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። በጥናቱ ከተካተቱት ብዙዎቹ ጉልበታቸው በዕድሜ ያለቀባቸው ሰዎች መሆናቸውን ግን መዘንጋት አይገባም። በወጣትነቱ የተቀየረለት ሰው በዕድሜው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ዕድል ይበልጣል፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ይህ ከሐኪም ጋር ሊመዘን የሚገባው እውነት ነው። ቢሆንም ልጅ የሚያሳድጉበትንና የሚሠሩበትን ዕድሜ በአልጋ ላይ ማሳለፍም ኪሳራ ነው። ዕድሜ ብቻውን «አይሆንም» ለማለት አይበቃም።

ተረት 5፦ «ከቀዶ ጥገናው በፊት መድኃኒቱ ሁሉ ይቆማል።»

እውነታ፦ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በሩማቶይድ ታማሚዎች ላይ ከቅየራ በኋላ የመመርቀዝ አደጋ ከሌሎች ከፍ ያለ ስለሆነ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ማቋረጥ በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ አንጓዎቹ የተቆጡበት ሰው ደግሞ ፊዚዮቴራፒውን መሥራት አይችልም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ሐኪሞችና የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት በ2022 በጋራ ያወጡት መመሪያ ሜቶትሬክሴት፣ ሰልፋሳላዚን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሌፍሉኖማይድ እንዲቀጥሉ ይመክራል። እንደ አዳሊሙማብ ላሉ ባዮሎጂክ መርፌዎች ግን አንድ ዙር ተዘልሎ ቀዶ ጥገናው የተዘለለው መርፌ ሊወሰድ ከነበረበት ጊዜ በኋላ እንዲሆን፣ ቁስሉም በደንብ ሲድን፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እንደገና እንዲጀመሩ ይላል።

ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ሊያቆም ስለሚችል አደገኛ ነው። መጠኑ አስቀድሞ በሐኪም ቀስ በቀስ ቢቀነስ ግን የመመርቀዝ አደጋው ይቀንሳል። ጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋ ሰውም ይህን ለቀዶ ሐኪሙ መንገር አለበት፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የተወጋ መርፌ የመመርቀዝ አደጋን ሊጨምር ይችላል።

ተረት 6፦ «የሚመረመረው ጉልበቱ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ሩማቶይድ የላይኞቹን የአንገት አጥንቶች ማያያዣ ሊያላላ ይችላል። ይህ ሳይታወቅ ለማደንዘዣ ቱቦ ሲባል አንገት ቢቀለበስ ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። በሽታው ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው የአንገት ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እጅና ክርንም ይታያሉ፤ ጣቶቹ የደከሙ ሰው ተራ ክራንች መጨበጥ ስለማይችል ክንድ የሚያርፍበት ዓይነት ቀድሞ ይዘጋጅለታል። የታመመ ጥርስና በእግር ላይ ያለ ቁስልም አስቀድመው ይታከሙ።

ተረት 7፦ «ከቅየራው በኋላ ጉልበቴ እንደ ድሮው ይሆናል።»

እውነታ፦ ብዙ ታካሚዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በድጋፍ ይቆማሉ። ሕመሙ በአብዛኞቹ ላይ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሙሉ ማገገም ግን እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። አዲሱ ጉልበት ለመራመድና ደረጃ ለመውጣት ይመቻል፤ ተረከዝ ላይ እስከ መቀመጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታጠፍም። ስለዚህ በጉልበት ተንበርክኮ መስገድ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥና ቁጢጥ ተብሎ የሚገባበት መጸዳጃ ቤት ያስቸግራሉ። ከፍ ያለ መቀመጫ በቤት ማዘጋጀት፣ ስለ ስግደትም ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ሕመምተኛ እንደ አቅሙ ቢሰግድ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይፈቅዳሉ።

ለቀዶ ጥገናው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ የመመለሻ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከቅየራ በኋላ ባሉት ሳምንታት የእግር ደም የመርጋት አደጋ ከፍ ያለ ነው፤ ረጅም በረራም ይጨምረዋል። ሲመለስ ፊዚዮቴራፒውን የት እንደሚቀጥልም አስቀድሞ ይወስን።

ለመወሰን የተቃረባችሁ ሁሉ፣ ለቀዶ ሐኪማችሁና የሩማቶይድ በሽታችሁን ለሚከታተለው ሐኪም እነዚህን አራት ጥያቄዎች አቅርቡ፦ ሕመሜ ከአንጓው መቆጣት ነው ወይስ ከጉዳት? የትኛው መድኃኒቴ ይቀጥላል፣ የትኛውስ መቼ ይቆማል? አንገቴና እጆቼ ታይተዋል? ብዘገይ ምን አጣለሁ? ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው በአንድ ዕቅድ ሳይስማሙ የቀዶ ጥገና ቀን አትቁረጡ። ከተስማሙና ጉልበታችሁ በእርግጥ ካለቀ ግን ፍርሃት ብቻውን ዓመታታችሁን እንዲወስድ አትፍቀዱለት።