በቤት የሚያድር የአማዞን በቀቀንና የባለቤቱ ጤና

ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር እንስሳ ሁሉ ደስታም ኀላፊነትም ያመጣል። ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ታጠፋለች። በቀቀን ግን ከላባው ውበትና የሰውን ቃል ከመቅዳቱ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ይህም ሆኖ በብዙ አገሮች እንደ ቤተ ሰብ ተቈጥሮ ይኖራል። በዚህ ወር በአነጋገሩ የታወቀውን የአማዞን በቀቀን አያያዝና፥ አያያዙ ሲጐድል በሰው ላይ የሚደርሰውን ሕመም እንገልጻለን።

የዚህ ወፍ የተፈጥሮ አገሩ ከሜክሲኮ አንሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ፥ እንዲሁም የካሪብ ባሕር ደሴቶች ነው። ላባው በአብዛኛው አረንጓዴ ነው። በዱር ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀናችን ዘመዱ ቢሆንም ወገኑ የተለየ ነው። የአማዞን በቀቀን በመልካም አያያዝ እስከ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚያሳድረው ሰው ከእርሱ በኋላ ወፉን ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአውሮፓ የጤና ትምህርት ሲከታተል፥ ክፍል ያከራዩት አንዲት ባልቴት የአማዞን በቀቀን ነበራቸው። ወፉ በዕድሜ ከተከራዩ ይበልጥ ነበር። አንድ ክረምት ወፉ ላባውን ነፍቶ ዝም አለ፤ ምግብም ቀነሰ። ባልቴቲቱም እንደ ልማዳቸው የጎጆውን ወለል በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጉ ነበር። ጥቂት ቀናት ቈይቶ ብርቱ ትኩሳት፥ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያዛቸው። የመጀመሪያው ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ አሰናበታቸው። ሁለተኛው ሐኪም ግን «በቤትዎ ወፍ አለ?» ሲል ጠየቃቸው። ተገቢው መድኃኒት የተሰጣቸውና የዳኑት ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። የጤና ተማሪው ግን የታመመውን ወፍ በየጧቱ እያየ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈውም ያ ዝምታ ነው።

የበሽታው ስም ሲታኮሲስ ይባላል፤ በግሪክኛ በቀቀን ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ኡስተር በተባለ ስፍራ ያኮብ ሪተር የተባለ ሐኪም በአንድ ቤት 7 ሰዎች ታመው 3ቱ መሞታቸውን መዝግቦ፥ ምክንያቱን በቤቱ በነበሩት ወፎች ጠርጥሯል። በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የተላኩ በቀቀኖች በሽታውን ወደ ብዙ አገሮች ስላዛመቱ፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ በቀቀን ወደ አገራቸው እንዳይገባ አገዱ።

የበሽታው ምክንያት ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለች በዐይን የማትታይ ተሐዋሲ ናት። በታመመ ወፍ ኩስና ከአፍንጫው በሚወጣ ፈሳሽ ውስጥ ትገኛለች። ኩሱ ደርቆ አቧራ ሲሆን ሰው ከአየር ጋር ይተነፍሰዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ጤነኛ የሚመስል ወፍም ተሐዋሲዋን ሊያወጣ ይችላል። በሽታው በጊዜው ከታወቀ ዶክሲሳይክሊን በተባለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን ሳንባን አቍስሎ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ በቀቀን የሚያሳድር ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

1ኛ፤ የጎጆውን ወለል በወረቀት አንጥፎ በየቀኑ ይለውጥ። ከማንሣቱ በፊት ውሃ ይርጭበት፤ በደረቁ ፈጽሞ አይጥረግ። ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

2ኛ፤ ጎጆው ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ሊንቀሳቀስበት የሚችል ሰፊ ይሁን፤ ከማድ ቤትና ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ይራቅ። ወፉንም በአፍ መሳም ወይም ከአፍ ማጉረስ ክልክል ነው።

3ኛ፤ የሱፍ ፍሬ ብቻ አይመግበው። ስቡ ያወፍረዋል፤ ቪታሚን ኤም ያጐድለዋል። ለበቀቀን የተዘጋጀ ምግብ፥ ጎመን፥ ካሮት፥ ዱባና ስኳር ድንች ይስጠው። አቮካዶ፥ ቸኮላትና ቡና ለወፉ መርዝ ናቸው።

4ኛ፤ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍን ፈጥኖ ይገድላል። የትምባሆ ጢስም ይጐዳዋል።

5ኛ፤ በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በጨለማና በጸጥታ ይተኛ። የሚላጥ እንጨትና የባለቤቱን ጨዋታ ያጣ በቀቀን የገዛ ላባውን ሊነቅል ይችላል።

6ኛ፤ ላባውን ነፍቶ የሚያንቀላፋ፥ የማይበላ፥ ዐይኑ የሚያለቅስ ወፍ ለብቻው ተለይቶ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

7ኛ፤ በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተፈረመው ስምምነት ጥበቃ ስለሚደረግለት፥ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ከአገር ወደ አገር የተሻገረ ወፍ አይገዛ።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ፥ በአገራችን ርግብ የሚያረቡ ቤቶችም እንዳሉ ያስታውሱ። ይህ በሽታ በርግብም ይተላለፋልና ስለ ደረቅ ኩስ የተነገረው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል። ወፍ ያለበት ሰው በትኩሳትና በሳል ሲታመም ሐኪሙ እስኪጠይቀው አይጠብቅ፤ «በቤቴ ወፍ አለ» ብሎ አስቀድሞ ይናገር።