በብርሃን የሚነቃ የካንሰር መድኃኒት፦ ኬሞውን አቁመን እንጠብቀው?

 

ሰሞኑን አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ አባቴ የሳንባ ካንሰር አለበት። ሁለት ዙር ኬሞ ወስዶ በጣም ደከመ፤ ምግብም አልበላ አለ። በብርሃን ካንሰሩን ብቻ የሚገድል፣ ሌላውን የማይነካ አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚል ቪዲዮ አየን። ኬሞውን አቁመን እሱን ብንጠብቅስ?»

የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል በፈቃዷ እዚህ ልመልሰው። አጭሩ መልስ፦ ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ነገር ግን ኬሞ አቁሞ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ለምን? አብረን እንየው።

👉 ከብረት የተሠራ መድኃኒት አዲስ ነገር ነው እንዴ?

አይደለም። ብዙ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች የሚወስዱት ሲስፕላቲን የተባለው ኬሞ ውስጡ ፕላቲነም አለው፤ አዎ፣ ያው ጌጥ የሚሠራበት ውድ ብረት። በ1965 እ.ኤ.አ. ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲያጠና ባክቴሪያዎቹ መባዛት አቆሙ። ቆይቶ ሲጣራ ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከመሣሪያው የወጣው ፕላቲነም ሆኖ ተገኘ። በ1978 መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ፤ እስከዛሬም እየሠራ ነው።

ችግሩ ሲስፕላቲን ጤነኛውንና በሽተኛውን ሴል ለይቶ አያውቅም። በደም አማካኝነት መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ ማስመለስ፣ የኩላሊት ጉዳት፣ የመስማት መቀነስና የእጅ እግር መደንዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

👉 ታዲያ ብርሃኑ ምን ይሠራል?

ክብሪትን አስቡት። ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ማንንም አያቃጥልም፤ ሲጫር ግን ይነዳል። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት እንደዚህ ያለ መድኃኒት ነው፦ ሰውነት ውስጥ ሲዘዋወር ተኝቶ የሚቆይ፣ ሐኪሙ ዕጢው ላይ ብርሃን ሲያበራ ብቻ የሚነቃ።

ውህዱ የብርሃኑን ኃይል ተቀብሎ በአካባቢው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ያ ኦክስጅን ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ፣ ግን ሴልን የሚጎዳ ኃይለኛ ዓይነት ይሆናል። ዕድሜው በጣም አጭር ስለሆነም ርቆ ሄዶ ሌላውን አካል አይጎዳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ይሄ ከተለመደው የጨረር ሕክምና የተለየ ነው። የፀሐይ ሙቀት፣ የስልክ መብራት ወይም ገበያ ላይ የሚሸጥ ቀይ አምፖልም ይሄን ሥራ አይሠራም።

👉 ሰው ላይ ተሞክሯል?

ብርሃንን ለሕክምና መጠቀም ራሱ ተሞክሯል። ፎቶፍሪን የተባለው ብረት የሌለው መድኃኒት በ1998 አሜሪካ ውስጥ በመተንፈሻ ቧንቧ ላይ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ የሳንባ ካንሰር ተፈቅዷል። መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ በብሮንኮስኮፒ ቀጭን የሌዘር ሽቦ ወደ ሳንባ ገብቶ ዕጢው ላይ ይበራል። ታማሚው ግን ቢያንስ ለ30 ቀን ከፀሐይ መጠንቀቅ አለበት። የ13 ወር ፀሐይ ባላት አገራችን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

ብረት ካለባቸው መካከል ደግሞ፦

✅ ፓላዲየም ያለው ፓዴሊፖርፊን በ2017 በአውሮፓ ለመጀመሪያ ደረጃ የፕሮስቴት ካንሰር ተፈቅዷል።
✅ ሩተኒየም ያለው ሌላ ውህድ በካናዳ በፊኛ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል።
✅ ኢሪዲየም ያለው ውህድ ደግሞ በእንግሊዙ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጠንቶ፣ በ2017 በወጣው ጥናታቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉ የሳንባ ካንሰር ሴሎችን በቀይ ብርሃን ገድሏል።

ልብ በሉ፤ የሳንባውን ካንሰር የገደለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሳህን ላይ ያለን ሴል መግደልና የሰው ደረት ውስጥ ያለን ዕጢ ማጥፋት በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

👉 እንቅፋቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ብርሃን ሥጋን ብዙ ዘልቆ አይገባም። ቀይ ብርሃን እንኳ ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያ ሊደርስበት ለሚችል ትንሽ ዕጢ ጥሩ ነው፤ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ለተሠራጨ ካንሰር ግን ብርሃኑ አይደርስም። ኬሞ ደግሞ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ደም የሚደርስበት ብዙ ቦታ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ የዕጢ መሐል ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ያጥረዋል። ኦክስጅን ከሌለ ክብሪቱ ቢጫርም አይነድም። ለዚህ ነው ኦክስጅን ባነሰበት ቦታም የሴሉን የኃይል ሥርዓት የሚያበላሹ የኢሪዲየም ውህዶች እየተጠኑ ያሉት።

👉 ወደ እህታችን አባት እንመለስ

እህቴ፣ ኬሞውን በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙ። ግን «ችሎ ይውሰደው» ማለቴም አይደለም። ድካሙንና ምግብ አለመብላቱን ለካንሰር ሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሩት። የማስመለስ መከላከያ መጨመር፣ መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል። አባትሽ ራሱ ሕክምና በቃኝ ካለም ያንን ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ የመወያየት መብት አለው፤ ውሳኔው ግን በቪዲዮ ተስፋ ላይ አይመሥረት።

⚠️ ኬሞ እየወሰደ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ «ነገ እናያለን» አይባልም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል!

⚠️ «የብርሃን ሕክምናው እኛ ጋ አለ፣ ቅድሚያ ብር ላኩ» የሚላችሁን አትመኑ።

በመጨረሻ ለሁላችንም፦ ብርሃንም ሆነ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚጠቅመው ቀድሞ ለተገኘ ካንሰር ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። ቲቢ የለም ከተባለ ወይም የቲቢ መድኃኒት ተወስዶ ሳሉ ካልተሻለ እዚያ ላይ አታቁሙ፤ በተለይ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ «ሳንባዬ በደንብ ይታይልኝ» በሉ።

ለእህታችን አባት ምሕረቱን ያውርድልን። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ቤታቸው ላለ ወዳጆቻችሁ አጋሩላቸው፤ ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።